«ያለ ረዳት ብሠራስ?» ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈራችን ልጅ ቤቴ መጣ። የጭነት መኪና የሚያስነዳውን ደረቅ ሁለት መንጃ ፈቃዱን አውጥቷል። ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ተቀጥሮ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ጭነት ሲገኝ ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢትና ኮምቦልቻ ሊሠራ ነው። መርቄ ልሸኘው ስል አንዲት ጥያቄ ጣል አደረገ። «ጋሼ፣ ያለ ረዳት ብሠራስ? የሱም ብር ለኔ ይቀራል። ባለንብረቱም ተስማምቷል።»

«ተው፣ ይቅርብህ» ብዬ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እሱም ይስማው፣ እንደሱ አዲስ የምትጀምሩትም ስሙ ብዬ ይህን ጻፍኩ። ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥ፣ እየነዱ ስልክ ስለመነካካት አላወራም። ሳታውቁ ቀርታችሁ አይደለም የምታደርጉት።

እኔ ሙያውን የለመድኩት በረዳትነት፣ ኤንትሬ ፊያት በሚባለው የድሮ የጣሊያን ጭነት መኪና ላይ ነው። ኤንትሬ መሪዋ በቀኝ ነው። ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ ከመስኮቱ ቁልቁል ያያል። ከፊት የሚመጣውን ግን ለማየት ይቸገራል። ስለዚህ መቅደም ሲፈልግ ዐይኑ ረዳቱ ነው። በግራ መስኮት አንገቴን አስግጌ «ና፣ ና፣ ቆይ! ያዝ!» እላለሁ። ተሳስቼ «ና» ካልኩ ሁለታችንም አለቀልን። በዚያ ዘመን ሹፌር ረዳት የሚመርጠው ሚዜ እንደሚመርጥ አስቦበት ነበር። ደብረ ብርሃን ካደርን ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ከሞተሩ ሥር እሳት አነዳለሁ። የኅዳር ውርጭ ናፍጣውን አስንፎት ያድር ነበር። እጄ እስኪሰነጠቅ ድረስ። አሁን ቁልፍ ታዞራላችሁ፣ ይነሳል። ደስ ይላል፤ ትንሽ ግን ያበሳጨኛል።

መኪናው ተለወጠ፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስትሄዱ እስከ ጣርማበር ብዙም አያስቸግርም። እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለው ዋሻ አለ። ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ከዋሻው ማዶ ሌላ አገር ነው። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ይያዘው ካላችሁ ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት፣ ታምቡሩ፣ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ብትቆሙበትም መኪናው አይሰማችሁም።

የድሮ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። ለኤንትሬ ልክ ነው። ያሁኑ ሞተር ግን ጉልበት ስላለው ዳገቱን በትልቅ ማርሽ ይወጣዋል። በዚያው ልውረድ ብትሉ ይዟችሁ ይሄዳል። እናንተ ከዚያም ዝቅ አድርጉ። ማርሹንም ከዋሻው ሳትወጡ አስገቡት። ቁልቁለቱ መሃል ማርሽ ፍለጋ የጀመረ ሰው ፎሌ ላይ፣ ያለ ማርሽ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደዚያ ልጅ ልምጣ።

ነሐሴ ነበር። እኔ ሹፌር ሆኛለሁ። ሲሚንቶ ጭነን ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ እንሄዳለን። ረዳቴ የመዘዞ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ጋቢው ከትከሻው የማይወርድ። ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ምንም ሳልለው ባትሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ ወረደ። ከፊቴ እየሄደ ጠርዙን ያሳየኛል። እኔ ባትሪውን እንጂ እሱን አላየውም። ከኋላ ያሉት ክላክስ ይነፋሉ። ጉሙ ሲሳሳ ውሃ በውሃ ሆኖ ጋቢና ገባ።

ጥቂት እንደወረድን «ጋሼ፣ የፍሬን ሸራ ይሸተኛል» አለኝ።

«ከፊት ያለው ነው» አልኩት። ከፊታችን ሌላ መኪና ነበር።

ጥቂት ቆየና «የኛ ነው» አለ። መልስ አልሰጠሁትም። በሩን ከፈተና እርከኑ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ አየ። «ይጨሳል! የኋላ ግራ!»

ጥግ ያዝኩ። ገና ሳልቆም ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ጣለ። ወርጄ ሳይ አንዱ ፍሬን ነክሶ ቀርቷል። ዝናቡ ታምቡሩ ላይ ሲያርፍ ጢስ እያለ ይተናል። ጀሪካኑን ሳነሳ እጄን ያዘኝ። «ውሃ አታፍስበት፣ ይሰነጠቃል። እንዲሁ ይብረድ።» ይህን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። እኔ አይደለሁም።

እስኪመሽ ቆምን። ሌላው ችግር ጭነቱን የሚሸፍነው ሸራ ነበር። አርጅቷል፤ አናቱ ላይ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ አለው። ልጁ ላይ ወጣ፣ ጋቢውን አውልቆ አጥፎ ቀዳዳው ላይ አነጠፈ፣ እሱ ራሱ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ እስኪያባራ አልወረደም።  በኪሴ የነበረችውን ዳቦ ወረወርኩለት።

ኮምቦልቻ ስናራግፍ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኗል። ነጋዴው ከኪራዩ ቆረጠ። ስንመለስ ባለንብረቱ ሂሳቡን አየና «ሸራ ማሰር የማን ሥራ ነው?» አለ። የልጁን ደሞዝ ያዘበት፣ እዚያው አሰናበተው። ስለ ሸራው ክረምቱ ሳይገባ ለባለንብረቱ ነግሬው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ባለንብረቱ የኔን አበል እየቆጠረ ነበር። ልጁ በሩ ጋ ቆሞ አየኝ። ጋቢው ሲሚንቶ ጠጥቶ እንደ ካርቶን ደርቋል። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በኋላ ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። «መተማ ወርዷል» አሉኝ።

ያች መኪና ከነጭነቷ ገደል ብትገባ ኖሮ ባለንብረቱ ስንት ይከስር ነበር? እኔስ? ሂሳቡን የሠራው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ረዳት ያዝ። ብሩ ይቀርብሃል፤ ይቅርብህ።

እርግጥ የዛሬ ረዳት ሁሉ እንደዚያ ልጅ ነው አልልም። ግማሹ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ይተኛል። ናፍጣ የሚቀዳም አለ። ሹፌሩን መንዳት ላስተምርህ የሚል አፈኛም ገጥሞኛል፤ አንዱን ሸኖ ላይ አውርጄው ሄጃለሁ፣ አይቆጨኝም። እንግዲህ የሚናገረውን ሁሉ ስማ እያልኩህ አይደለም። ሸተተኝ፣ ሰማሁ፣ አየሁ ካለ ግን ቁም። አስተያየቱን ሳይሆን አፍንጫውን እመን።

ደሞዙን ባለንብረቱ ባለበት ተነጋገሩ። ሸራው፣ ገመዱ፣ ጎማው ከተጎዳ ከመጫንህ በፊት ፎቶ አንስተህ ለባለንብረቱ ላክ። እኛ ጊዜ ይህ አልነበረም። ነገር ሲመጣ ቃልህ በልጁ ቃል ላይ ይደመር፤ ፎቶው አለልህ።

ማስተማሩንም አትርሳ። ጭነት ስታራግፍ፣ ባዶ ሜዳ ስታገኝ መሪ አስይዘው። የናንተ ትውልድ ያወቀውን ቶሎ አያካፍልም፣ ይሄ አይገባኝም። ለማያውቀው ሰው በቲክቶክ ያስተምራል፣ አጠገቡ ላለው አያሳይም።

ሌሊት ጣርማበርን አትውረዱ። እኔ ራሴ በሌሊት ብዙ ወርጃለሁ፤ ኩርባው ላይ የሚመጣው መኪና መብራቱ ቀድሞ ስለሚታይ እንዲያውም ይቀለኝ ነበር። ቢሆንም እናንተ ገና ናችሁ፤ መንገዱን በቀን አጥኑት። የመንገዱን ሰላምም ከዚያ ወገን የመጣ ሹፌር አቁማችሁ ጠይቁ። ደላላ የሚለውን አትስሙ፣ እሱ የሚያስበው ኮሚሽኑን ነው።

የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ስትጭኑ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። ሽንኩርት ገበያው ሳይነጋ ካልደረሰ ዋጋው ይወርዳል፣ ከታፈነም ይበሰብሳል። ባለጭነቱም ባለንብረቱም ተራ በተራ ይደውላሉ። «የት ደረስክ? አሁንስ?» በዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጋለ፣ ከላይ ተሳቢ እየወረደ፣ ስልክ ይጮሃል። ላለማንሳት ያሳፍራል፣ ደሞዝ ከፋይህ ነው። እንግዲህ ስልኩን ከሸዋ ሮቢት ስትነሳ ለረዳቱ ስጠው። «ሹፌሩ ዳገት ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ይደውላል» ይበል። መጀመሪያ ይቆጣሉ። ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ ይለምዱታል።