ጠይቁኝ፦ የእናቴ ጣቶች ለምን ደነዘዙ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ። እናቴ የጡት ካንሰር ታማ ኬሞ ጀምራለች። መድኃኒቱ ፓክሊታክሴል ይባላል። በየሦስት ሳምንቱ በሐረጎ ዳገት ወጥተን ደሴ ትወስዳለች። ፀጉሯ ሲያልቅ ቻለችው። አሁን ግን የጣቶቿ ጫፍ ደንዝዟል። ዕድሜ ልኳን የፈተለች ሴት ክሩ ከእጇ እያመለጠ ታለቅሳለች። መድኃኒቱን ያቋርጡብኛል ብላ ስለፈራች ለሐኪም እንዳልናገር አስምላኛለች። የጡት መድኃኒት ጣት ላይ ምን ያደርጋል? ካንሰሩን ብቻ ለይቶ የሚመታ “ብልህ” መድኃኒት አለ የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ከቆምኩ 19 ዓመቴ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ፤ መሐላውን ተወውና ለሐኪሙ ንገር።

እናትህ ፈታይ ስለሆኑ ነገሩን በእንዝርት ብነግርህ ይቀለኛል። ሴል ለሁለት ሲከፈል በውስጡ የሚዘረጋውን የክር ድር ሳይንቲስቶችም የሚጠሩት እንዝርት ብለው ነው። መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ሾል ይላል፤ ልክ ክር እንደተጠመጠመበት እንዝርት። ክሮቹ ማይክሮቲዩቡል ይባላሉ። የዘር መረጃ የተሸከሙትን ክሮሞዞሞች ይዘው ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ ይጎትታሉ። ለመጎተት ክሩ እየተቀጠለ እየተፈታ መሄድ አለበት።

ፓክሊታክሴል መፈታቱን ይከለክላል። ይህን አሠራሩን ሱዛን ሆርዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ሳይንቲስት በ1979 እ.ኤ.አ. አሳየች። ለረጅም ጊዜ ሴሉ መከፈል አቅቶት እዚያው ቆሞ ይሞታል ተብሎ ይታመን ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. ግን የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ከወሰዱ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ዕጢ ናሙና ወስደው ሌላ ነገር አዩ። ብዙዎቹ ሴሎች አልቆሙም። እንዝርቱ ሁለት ጫፍ መሆን ሲገባው ሦስትና ከዚያ በላይ አውጥቷል። ክሮሞዞሞቹ ተበታትነው፣ የጎደለባቸው ሴሎች ተወልደው ይሞታሉ። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። አንዳንዴ ልቃቂቱ ይተበተብባትና መፍቻ ያጣል፤ ያኔ ዝም ብላ ወደ ጎን ታስቀምጠዋለች።

ፀጉር ያለቀው፣ ፀጉር የሚያበቅሉት ሴሎችም ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈሉ ነው። ሕክምናው ሲያበቃ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ደም የሚሠራበት የአጥንት መቅኔም እንደዚያው ይጎዳል፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚባለው ደሙ እስኪያገግም ነው። በመሐል ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ ሳታድር ሆስፒታል ውሰዳቸው።

ወደ ጣቱ ልምጣ። የነርቭ ሴል አይከፈልም። ታዲያ ለምን ይጎዳል? ያው ክር ነርቭ ውስጥም ስላለ ነው። እዚያ ግን ሥራው መንገድ መሆን ነው። ከጀርባ አጥንት አጠገብ ተነስቶ እግር ጣት የሚደርስ ነርቭ አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ምግቡና ዕቃው የሚመላለሰው በእነዚህ ክሮች ላይ ነው። መንገዱ ሲበላሽ ቀድሞ የሚጎዳው ሩቅ ያለው ጫፍ ነው፤ የእግርና የእጅ ጣት። ጎረቤት “አብሽሪ፣ ያልፋል” ይላል። አዎ፣ ብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ እየተሻለ ይሄዳል። እየባሰ እያለ ዝም ከተባለ ግን ሳይለቅ የሚቀርበት ሰው አለ። ለዚህ ነው ተናገር የምልህ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ፣ አወሳሰዱን ሊቀይር ወይም ሌላ መድኃኒት ሊያስብ ይችላል። መናገር ማለት ሕክምናው ቀረ ማለት አይደለም። ለድንዛዜው ብለህም ከእኔ ቢጤ ዘንድ ቫይታሚን በራስህ እንዳትገዛ።

ስለ “ብልሁ” መድኃኒት። ፓክሊታክሴል በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ የተለመደው ዓይነት የሚዘጋጀው ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያና በአልኮል ነው፤ እናቶቻችን ምጣድ በሚያስሱበት በዚያው ጉሎ። ማሟሚያው አለርጂ ያስነሳል። ከኬሞው በፊት ዴክሳሜታሶን የሚሰጣቸው ለዚህ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. አልቡሚን በሚባል የደም ፕሮቲን የተሸከመ ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ጉሎው ቀረ፣ ድንዛዜው ግን አልቀረም።

ከዚያ ያለፈም ይሞከራል። የዕጢ አካባቢ ከጤነኛው ሥጋ ትንሽ አሲድ ይበዛዋል። አሲዱ ሲነካው ወይም ሲሞቅ ተከፍቶ መድኃኒቱን እዚያው የሚያፈስ ጥቃቅን ከረጢት ይሠራሉ። በሙቀት የሚከፈተው አንዱ በጉበት ካንሰር ላይ በብዙ ታካሚዎች ተሞክሮ የተጠበቀውን ሳያመጣ ቀርቷል። ተስፋው እውነት ነው፤ ለእናትህ ቀጣይ ቀጠሮ ግን አልደረሰም። “ብልህ” ከሚባሉት ውስጥ ሆስፒታል ገብቶ የሚሠራ አንዱ መድኃኒት ሳይሆን ብረት ነው፤ ናይቲኖል ይባላል። ቅርፁን የሚያስታውስ የኒኬልና የቲታኒየም ብረት ሲሆን፣ ካንሰር የዘጋው ጉሮሮ ውስጥ ተጣጥፎ ይገባና ራሱ ተዘርግቶ ምግብ ያሳልፋል።

እስከዚያው እናትህ የምጣድ ግለት በእጃቸው አይሞክሩ፤ ጀበናም በጨርቅ ይያዙ፣ ቢቃጠሉ ላይሰማቸው ይችላል። ባዶ እግራቸውን አይሂዱ። ወደ ቀጠሮው ስትወጡ ደግሞ እንዝርታቸውንና ትንሽ ባዘቶ ያዙ። “ደነዘዘኝ” ማለት ከከበዳቸው ሐኪሙ ፊት ትንሽ ይፍተሉለት።