የመስታወት ስፖንጅን በአጽሙ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጥልቅ ባሕር የመስታወት ስፖንጅን (አጽሙ ከሲሊካ፣ ማለትም መስታወት ከሚሠራበት ማዕድን፣ የሆነ የባሕር እንስሳ) በፎቶ ብቻ መለየት ይቻላል?

አልፎ አልፎ። ሞኖራፊስ ቹኒ የተባለው ዝርያ ከሩቅ ይታወቃል፤ እስከ 3 ሜትር የሚደርስ አንድ የሲሊካ ዘንግ ላይ ነው የሚቆመው። አብዛኞቹ ግን ያሳስታሉ። ቁራሽ ናሙና ሳይኖር የዝርያ ስም መስጠት አልወድም።

ጥያቄ፦ ሌሎች ስፖንጆችም ሲሊካ አላቸው። ታዲያ በምን ይለያል?

በስፒኩሎቹ፣ ማለትም አጽሙን በሚሠሩት መርፌ መሰል ጥቃቅን ነገሮች። የመስታወት ስፖንጅ መሠረታዊ ስፒኩል ስድስት ክንድ አለው፤ ሦስት ዘንጎች በቀጥተኛ ማዕዘን ይቋረጣሉ። አምስት፣ አራት፣ ሁለት ክንድ ብቻ የቀረውም ሞልቷል። ሁለት ክንድ ብቻ ካያችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። በማይክሮስኮፕ መሃሉን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የጠፉት ክንዶች በስፒኩሉ ውስጠኛ ቦይ ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት ትተው ያልፋሉ። እኔ በጣም የምወደው ማስረጃ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ከዚያ ቀጥሎስ?

ትንንሾቹን ስፒኩሎች እዩ፤ ወሳኞቹ እነሱ ናቸው። በሁለቱም ጫፉ ጃንጥላ የመሰለ ዘንግ ካለ አምፊዲስክ ነው፤ ስፖንጁ ሃያሎኔማ የተባሉት የመስታወት ስፖንጆች ከሚገኙበት ምድብ፣ ከአምፊዲስኮፎራ ይመደባል። ስድስቱ ክንዶች ጫፋቸው ላይ ተከፋፍለው ከተገኙ ደግሞ ሄክሳስተር ነው፤ እነ ዩፕሌክቴላ የተባሉት የመስታወት ስፖንጆች በዚህኛው ወገን ናቸው። ሁለቱ በአንድ እንስሳ አብረው አይገኙም። ሁለቱንም ካያችሁ የጎረቤት ስፖንጅ ስፒኩል ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ዩፕሌክቴላና ሌላዋ የመስታወት ስፖንጅ ፋሬያ ሁለቱም መረብ ይመስላሉ። እንዴት ልለያቸው?

መጋጠሚያውን እዩ። የዩፕሌክቴላ ስፒኩሎች መጀመሪያ ለየብቻ ናቸው፤ በኋላ በሲሊካ ይጣበቃሉ። የፋሬያ ግን ገና ሲያድጉ ክንድ ለክንድ ተዋህደው ሥርዓት ያለው ባለ አራት ማዕዘን መረብ ይሠራሉ። በተጨማሪ ፋሬያ ክላቩል የሚባሉ፣ አንድ ጫፋቸው ራስ ያለው ዘንጎች አሏት።

ጥያቄ፦ ናሙናውን እንዴት ላዘጋጅ?

ትንሽ ቁራሽ በረኪና ውስጥ ይቀመጥ፤ ሥጋው ይሟሟል፣ ሲሊካው ይቀራል። በረኪናና አሲድ ግን በፍጹም አታቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከዚያ በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ እያንዳንዱን ጊዜ በደንብ እስኪዘቅጥ ጠብቁ። ቶሎ ካፈሰሳችሁት የሚሄዱት ሄክሳስተሮቹ ናቸው፣ በጣም ትንንሽ ስለሆኑ። ከማሟሟታችሁ በፊት ደግሞ ሌላ ቁራሽ ሳይነካ አስቀሩ። የቱ ስፒኩል ከላይኛው ገጽ፣ የቱ ከውስጥ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።