እናቴን ዋሸኋት፤ ካንት ያወግዘኛል፣ ቤንታም ይፈታኛል፣ ቤተክርስቲያንስ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ተማሪ ነኝ። የሞራልና ዜግነት ኮርስ ላይ ስለ ፈላስፎቹ ስለ ካንት፣ ስለ ቤንታምና ስለ አርስቶትል እየተማርን ነው። እናቴ ኦፕሬሽን ተደርጋ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝታለች፣ እዛው እያለች ታላቅ ወንድሟ ሞጣ ላይ አረፈ። ቤተሰቡ «እንዳትነግሪያት፣ ደህና ነው በያት» አሉኝ፣ ስትጠይቀኝ «ደህና ነው፣ ሰላም በያት ብሎኛል» አልኳት። ክላስ ቁጭ ብዬ ካንትን ስሰማ ኃጢአተኛ ነኝ አልኩ፣ ቤንታምን ስሰማ ደሞ ደግ አደረግሽ የሚለኝ መሰለኝ። ክርስቲያን የቱን ነው የሚከተለው? ፍልስፍና መማሩ ራሱስ ነውር አይደለም? ጓደኛዬ ቆላስይስ 2፥8ን አሳይታ ተይው አለችኝ።

መልስ፦ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ ልጄ፣ የአጎትሽንም ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ አጠገብ ያኑርልሽ።

የጓደኛሽን ነገር ቶሎ ልለፈው። ሐዋርያው «በፍልስፍና ማንም እንዳይማርካችሁ» ነው ያለው፣ መማረክና መማር ለየቅል ነው። ራሱ ጳውሎስ አቴና ላይ ከኤፊቆሮስና ከኢስጦኢክ ወገን ፈላስፎች ጋር ተከራክሯል፣ የገዛ ባለቅኔዎቻቸውን ቃል ጠቅሶም ሰብኳቸዋል፣ ሐዋ 17ን አንብቢው። ቅዱስ ባስልዮስም ለወጣቶች በጻፈው ምክር የግሪኮቹን ጽሑፍ እየመረጣችሁ አንብቡ ብሏል። የኛዎቹም አባቶች እነ ሶቅራጥስን እነ አፍላጦንን (ፕሌቶን) የሚጠቅሰውን አንጋረ ፈላስፋ የተባለውን መጽሐፍ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብ ወደ ግእዝ መልሰው አስነበቡን እንጂ አላቃጠሉትም። ስለዚ ኮርስሽን ተማሪ፣ ፈተና ላይ ካንት ምን አለ ሲሉሽም ካንት ያለውን ጻፊ፣ እኔ እዚ የምልሽን ከጻፍሽ ግን ኤፍ ብትበዪ የለሁበትም።

አሁን ወደ ነገርሽ። ሶስቱ ሰዎች የሚጣሉት በዋናነት ወዴት እንይ በሚለው ላይ ነው፣ አንዱ ድርጊቱን እይ ይላል፣ አንዱ ውጤቱን፣ አንዱ ደሞ አድራጊውን።

ካንት (1724–1804፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር ከማድረግሽ በፊት «ሰው ሁሉ በዚ ደንብ ቢሄድ እወዳለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ ይላል። ሁሉም ሲቸግረው ቢዋሽ ቃል የሚባል ነገር ዋጋ አይኖረውም፣ ውሸቱ ራሱ የሚሰራው እኮ ሌላው ሰው እውነት ስለሚናገር ነው። በ1797 ደሞ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው፦ ነፍሰ ገዳይ ደጅሽ መጥቶ «ጓደኛሽ ቤት ውስጥ ነው ወይ?» ቢልሽ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልሽም አለ። እዚ ጋ ክላሱ እንደሚስቅ አውቃለሁ። እኔ ግን ካንት ላይ ቶሎ መሳቅ አልወድም፣ ምክንያቱም ሌላ የተናገረው ነገር አለ፦ ሰውን ሁልጊዜ እንደ ሰው ያዘው እንጂ እንደ መገልገያ ብቻ አትጠቀምበት ይላል። ያ ቃል አንቺንም ቤተሰቦችሽንም ይነካል። እናትሽ ትልቅ ሰው ናት፣ ስንት ለቅሶ አይታለች፣ እናንተ ግን ኮሪደር ላይ ቆማችሁ በሹክሹክታ በገዛ ወንድሟ ጉዳይ ወሰናችሁላት። ለሷ ብላችሁ ነው እሺ፣ ግን ከመካከላችሁ «እሷ ብትሆን ምን ትመርጥ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር? ብዙ ጊዜ መርዶ የምናዘገየው እኮ የታመመው ሰው ስለማይችለው ሳይሆን እኛ ለቅሶውን ለማየት አቅም ስለምናጣ ነው፣ ለሷ አሰብን የምንለው ግማሹ ለራሳችን ነው።

ቤንታም እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ነው፣ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ መልካም ማለት ደስታን የሚያበዛ ስቃይን የሚቀንስ ነው አለና ደስታን መለኪያ 7 ነገር ቆጠረ፣ ምን ያህል ብርቱ ነው፣ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ እርግጠኛ ነው ወይ፣ ቅርብ ነው ወይ፣ ሌላ ደስታ ያስከትላል ወይ፣ ከስቃይ ንጹህ ነው ወይ፣ ስንት ሰው ይደርሰዋል። ባንቺ ነገር ላይ ስንደምረው የእናትሽ ስፌት ይድናል፣ ደም ግፊቷ አይወጣም፣ አጎትሽ እንደሆነ አልፏል ምንም አይጎድልበትም፣ ስለዚ ዋሺ። ሒሳቡ ያለቀ ይመስላል አይደል? የተረሳው ግን እናትሽ ያወቀች ቀን ነው። አገራችን ውስጥ «ደህና ነው» ተብሎ የተሸወደ ሰው ከዛ በኋላ ስልክ በጠራ ቁጥር ይርበደበዳል፣ «ሁሉም ደህና ነው» ስትይው ይባስ ይጠረጥራል፣ አንዱን ሐዘን አስቀረንለት ብለን የማያልቅ ስጋት አሸከምነው። የቤንታም ተከታዮች ይሄን አላጡትም፣ እሱንም ደምሩበት ይላሉ፣ እሺ ይደመር፣ ግን ነገ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃልና ነው ሒሳቡ የሚሞላው?

ይሄን የውጤት ሒሳብ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ ነው። «ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ቢሞት ይሻላል» ያለው እሱ ነው፣ ዮሐ 11፥50። አንድ ሰው ከሕዝብ ጋር ሲመዘን ሒሳቡ ልክ ነው እኮ! ወንጌላዊው ዮሐንስ፣ ቀያፋ ሳያውቀው ትንቢት ተናገረ ቢለንም ቀያፋ ያሰበው ግን ንጹሁን ሰው አሳልፎ ሰጥቶ አገር ማትረፍ ነበር። ጳውሎስ ደሞ «መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ» ትላላችሁ እያሉ ለሚሰድቧቸው ምን ብሎ እንደመለሰ ሮሜ 3፥8 ላይ አለልሽ።

በነገራችን ላይ ቤንታምን የተከተለው ፈላስፋ ሚል በ1861 በጻፈው ላይ የጌታ ቃል፣ «ሰዎች ሊያደርጉላችሁ የምትወዱትን አድርጉላቸው» የሚለው፣ የነቤንታም ትምህርት መንፈሱ ሙሉ በሙሉ እዛ ውስጥ አለ ብሎ ወስዶታል። ካንት ደሞ ይሄው ሐሳብ በሰው አፍ የሚነገርበትን፣ «ባንተ ሊሆን የማትወደውን በሌላው አታድርግ» የሚለውን፣ ብቻውን ደንብ መሆን አይችልም ብሎ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ጥሎታል፣ ወንጀለኛውም ዳኛውን «አንተ ብትሆን መታሰር ትወዳለህ?» ሊለው ይችላል ብሎ። ጌታ ግን ወዲያው «ሕግም ነቢያትም ይህ ነውና» ብሏል፣ ቃሉን ከሕጉ ለይተሽ ስትይዥው ነው እንዲህ የሚያጣላው።

አርስቶትል ከሁለቱም በፊት የነበረ ነው፣ ከጌታ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረ። እሱ «ይሄ ድርጊት ልክ ነው ወይ» ከማለት አስቀድሞ «ምን አይነት ሰው እየሆንኩ ነው» ይላል፣ ደግነት በልምምድ የሚመጣ ነው፣ ደፋር የሚሆነው የድፍረት ስራ እየሰራ ነው፣ ድፍረትም በፍርሃትና በጭፍንነት መሀል ያለ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይሄን ሳይነግሩት ያውቀዋል፣ እኛ ዲማ ጊዮርጊስ እያለን አገባቡን የሸመደደ ሁሉ ባለቅኔ አልሆነም፣ በየቀኑ እየቆጠረ መምህሩ ፊት ቆሞ የተበላሸው እየተነቀሰለት የከረመው ነው የሆነው። ደሞ አርስቶትል መቆጣትም መስጠትም ቀላል ነው፣ የሚከብደው ለሚገባው ሰው፣ በሚገባው ጊዜ፣ በሚገባው አኳኋን ማድረጉ ነው ይላል። መርዶ ማለት ይሄው አይደለም እንዴ? የኛ አገር ሽማግሌ በማለዳ፣ አፍ ሳይሟሽ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሐዘንተኛዋን የምትይዝ ሴት አስከትሎ የሚሄደው እውነቱን ለመደበቅ ሳይሆን እውነቱ ሰው እንዳይሰብር ነው። አርስቶትል የጎደለው ትሕትና ነው፣ እሱ «ትልቅ ሰው» ብሎ የሚያደንቀው ክብር ይገባኛል ብሎ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ ነው፣ ጸጋ የሚባል ነገርም አያውቅም፣ ሁሉም በራስ ጥረት ነው።

ክርስቲያን የቱን ይከተላል ላልሽው፣ ሶስቱም የሚያዩት ነገር እኛ ጋ አለ። «አትዋሹ» የሚል ትእዛዝ አለን፣ ባልንጀራህ ምን ይደርስበት ይሆን ማለትም አለን፣ ልብም ይታያል፣ ማቴ 6 ላይ ለመታየት የመጸወተውና በስውር የመጸወተው ለድሃው ያው አንድ ብር ነው የሰጡት፣ አንደኛው ግን ዋጋውን ተቀብሏል ተባለ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ካንት «አጥፍተሻል» ብሎሽ ይሄዳል፣ ቤንታም «ምንም አላጠፋሽም» ብሎሽ ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ አንቺ ምን ታድርጊ? ቤተክርስቲያን ንስሐ አላት፣ አባት አላት፣ «አጥፍቻለሁ ግን ጨንቆኝ ነው» ብለሽ የምትቆሚበት ቦታ አላት። የፈላስፎቹን መጽሐፍ ሳይ የሚጎድለኝ ይሄ ነው።

አባቶችም በዚ ጉዳይ አንድ ቃል አይደሉም፣ ይሄን ልደብቅሽ አልፈልግም። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ክህነት በጻፈው ላይ መድኃኒት እምቢ ያለን በሽተኛ በዘዴ ያዳነ ሐኪም ምሳሌ አምጥቶ ለበጎ የተደረገ ማታለል እንደ ማታለል አይቆጠርም ይላል። የምዕራቡ አውግስጢኖስ ደሞ ውሸት ሁሉ ኃጢአት ነው ባይ ነው፣ በዘጸአት 1 ፈርዖንን ዋሽተው ሕጻናቱን ያተረፉትን አዋላጆች እግዚአብሔር የባረካቸው ስለ ርኅራኄያቸው ነው እንጂ ስለ ውሸታቸው አይደለም ይላል። እኔ ባንቺ ነገር ላይ ወደ አውግስጢኖስ አደላለሁ፣ ምክንያቱም ደጅሽ የቆመ ነፍሰ ገዳይ የለም፣ ዝም ማለት ትችዪ ነበር። አለመናገር መዋሸት አይደለም። «ደህና ነው» ግን ውሸት ነው፣ ተጨንቀሽ ያወጣሽው ስለሆነ እግዚአብሔር ያውቅልሻል። «ሰላም በያት ብሎኛል» ያልሽው ይከብዳል ልጄ፣ ያንን ማንም በያት አላለሽም፣ በሞተ ሰው አፍ ቃል አስገባሽ፣ እናትሽም ያንን ሰላምታ ይዛ ነው የምትከርመው። እሱን ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ።

ከዚ በኋላ የምታደርጊውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሐኪሟን ለብቻው አግኝተሽ መቼ ብትሰማ ጉዳት እንደሌለው ጠይቂ፣ የዘመድ ግምት አይበቃም። እስከዛ ድጋሚ አትዋሺ፣ ስትጠይቅሽ «እማዬ አሁን ያንቺን እንጨርስ» በያት፣ ብትጠረጥርም ትጠርጥር። ስልኳን ያዥላት፣ አንዱ የእህት ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሆናል፣ መርዶ ከስክሪን ላይ መስማት የመጨረሻው ክፉ ነው። ሐኪሙ የሚፈቅድ ከሆነ ከአርባው በፊት ይነገራት፣ ለወንድሟ ጸሎት ማድረስ፣ ስሙን ሰጥታ ማስቀደስ የሷም ድርሻ ነው፣ ያንን ልትቀሟት አትችሉም። አንቺ ብቻሽን እንዳትነግሪያት፣ የንስሐ አባቷና እኩያዋ የሆነች ጎረቤት ይኑሩ። ስፌቱ ገና ከሆነ ደረት መምታት እንዳትሞክር እጇን የሚይዝላት ሰው ከጎኗ ይቀመጥ፣ ማልቀሷን ግን አትከልክሏት፣ ጌታም አልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል።

ያቺ የፈጠርሻት ሰላምታም ሳትነሳ እንዳትታለፍ፣ የመጀመሪያው ለቅሶ ከወጣላት በኋላ «እኔ ነኝ ያልኩት፣ እሱ አላለም» ብለሽ ራስሽ ንገሪያት።