የቀረጻን ገበና የሚያወጣ ስፒከር

ውድ ወጣቶች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ስቀርጽና ሚክስ ሳደርግ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች እያመጣጠንሁ ሳዋህድ ኖሬአለሁ። ከእናንተ መካከል ገንዘብ አጠራቅመው ጥሩ ስፒከር የገዙ ልጆች እየመጡ የሚነግሩኝ ቅሬታ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «የምወደው ዘፈን አስጠላኝ» ይሉኛል። ዘፈኑ የተለወጠ ነገር የለውም። ቀድሞም የነበረበት ጉድለት ነው ዛሬ የተሰማው።

ርካሹ ስፒከር በአብዛኛው የሚሠራው ለማስደሰት ነው። ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጣል፣ ቀጭኑን ድምፅ ያሾላል፣ የዘፋኙ ድምፅና የመሰንቆው ለዛ የሚገኝበትን መካከለኛውን ክፍል ግን ያደበዝዛል፤ ሁሉንም ዘፈን በዚሁ ቀለም ስለሚነክረው ሁሉም ተቀራራቢ ሆኖ ይሰማል። በጥንቃቄ የተሠራ ስፒከር ሳጥኑ ራሱ አብሮ እንዳይንቀጠቀጥ ተደርጎ ስለሚጠናከርና ከራሱ ብዙ ስለማይጨምር፣ ሁለት ቀረጻዎችን ስታጫውቱበት የተለያየ ክፍል ውስጥ የገባችሁ ያህል ይሰማችኋል። እኔ የስፒከርን ጥራት የምለካው በዋጋው ሳይሆን በዚህ ነው፤ ቀረጻን ከቀረጻ አጥርቶ የሚለየው ይበልጥብኛል።

በገናን ውሰዱ። አሥር አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ስለሚርገበገብ ያ የምናውቀው ነዛሪ ድምፅ ይፈጠራል። በደካማ ስፒከር ስትሰሙት ስፒከሩ የተቀደደ ይመስላችኋል። በጥሩው ግን የደርዳሪው ጣት አውታሩን ሲለቅ፣ ንዝረቱ ከዚያ ተከትሎ ሲነሣና ቀስ እያለ ሲደክም፣ የእያንዳንዱ አውታር ንዝረትም ከጎረቤቱ ሲለይ ትሰማላችሁ። ማይክሮፎኑ ከመጠን በላይ ርቆ ከነበረ ደግሞ በበገናው ፈንታ የክፍሉን ግድግዳ ትሰማላችሁ፤ ስፒከሩ ይህንንም አይሸሽግላችሁም።

እኔ ይህን የተማርሁት በጥፋቴ ነው። በወጣትነቴ አንድ የካሴት ሥራ ሚክስ ያደረግሁት ባስ በሚያጋንን ስፒከር ነበር። ከበሮውና ባስ ጊታሩ ክፍሉን ሲሞሉት በዛ ብዬ ቀነስሁ፤ ደግሜም ቀነስሁ። ካሴቱ ወጥቶ በታክሲ ውስጥ ስሰማው ከበሮው የለም ማለት ይቻላል፤ ዘፋኙ መሬት በሌለው ቦታ ላይ የቆመ ይመስል ነበር። ስፒከሩ የጨመረውን እኔ ከሙዚቃው ላይ ነበር የቀነስሁት።

ስለ ቆዩት ሥራዎቻችን ግን አደራ የምላችሁ ነገር አለኝ። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ባቋቋመበት በዚያ የሸክላ ዘመን፣ ብዙው ቀረጻ ባንዱና ዘፋኙ አብረው እየተጫወቱ የሚሠራ ስለነበር የሳክስፎኑ ድምፅ በዘፋኙ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል። ጥሩ ስፒከር ይህን ያጋልጣል፤ ሆኖም ሰዎቹ እርስ በርስ እየተደማመጡ፣ አንዱ ሲያዘገይ ሌላው ሲጠብቀው የሚሰማው በዚያው ስፒከር ነው። ካሴት ሲመጣ ደግሞ በስቱዲዮ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር በሚሮጥ የመቅረጫ ክር የተቀዳው ሥራ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚሮጥ ጠባብ ክር ላይ ተገልብጦ ለአድማጭ ይደርስ ጀመር፤ ካሴቱም ከካሴት እየተገለበጠ ሲሄድ ሽሽታው፣ ማለትም «ሽሽሽ» የሚለው የክሩ ድምፅ እየጨመረ ቀጭኑ ድምፅ እየሞተ መጣ። ዛሬ በስልክ ከምትሰሙት ውስጥ ብዙው የቅጂ ቅጂ ስለሆነ፣ አርቲስቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ለመጀመሪያው ክር የቀረበውን እትም ፈልጉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሽሽታ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ የዘመኑ ሥራ ከሌላው ጮኾ እንዲሰማ ሲባል ለስላሳውና ኃይለኛው አንድ ልክ እስኪሆን መጨፍለቁ ነው። በትንሽ ስፒከር ይህ ብርታት ይመስላል፤ በጥሩ ስፒከር ግን በሦስተኛው ዘፈን ጆሮ ይደክማል፣ ለምን እንደደከመም ግልጽ ይሆናል።

ስፒከር ለመለወጥ ከመቸኮላችሁ በፊት ያላችሁን በአግባቡ አስቀምጡት። ሁለቱ ስፒከሮችና የእናንተ ራስ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዌተር በጆሮ ቁመት ይሁን፣ ከጥግም አርቁት፤ ጥግ ላይ ባስ ያብጣል። ባዶ ሲሚንቶና መስታወት የሞላበት ክፍል ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ይፈልጋል። ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ፤ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

የዚያ የተበላሸ ካሴት ዋና ክር አሁንም አለኝ። በቅርቡ በጥሩ ስፒከር ከፍቼ ሰማሁት። የከበሮው ጉድለት እንዳለ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ዘፈን ካበቃ በኋላ፣ ክሩ ከመቆሙ በፊት፣ ከበሮ መቺው መዳፉን በቆዳው ላይ ሲያሳርፍ ይሰማል። እዚያው አጠገቡ ቆሜ ስቀርጸው አልሰማሁትም ነበር።