ፖምፔን በልቦለድ መጻፍ፦ ጥያቄና መልስ

በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በጠፋችው የጥንት ሮማውያን ከተማ በፖምፔ ላይ ልቦለድ የምትጽፉ ሰዎች ስለ ቅርብ ጊዜ ግኝቶች ከጠየቃችሁት የተመረጠ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዋና ገጸ ባሕርዬን መጨረሻ ላይ ላቫ (የቀለጠ አለት) እንዲውጠው አድርጌአለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። በ79 ከተማዋን ያጠፋት ላቫ አይደለም። መጀመሪያ 18 ሰዓት ገደማ የተቦረቦረ ቀላል ጠጠር ዘነበባት፤ ክምሩ እስከ 2.8 ሜትር ደረሰ፣ በሰዓት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ጠጠሩ ጣሪያ ላይ ሲከማች ጣሪያውን ይደረምሳል፣ ደጅ ላይ ሲቆለል መውጫ ያሳጣል። የጋለው ጋዝና አመድ ከተራራው እየተምዘገዘገ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርይዎ ለመሸሽ ጊዜ ነበረው። ለምን ቀረ? ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቀኑን ኦገስት 24 ብያለሁ፤ ስህተት ነው?

መልስ፦ ቀኑ የተወሰደው ፍንዳታውን በዓይኑ ካየው ሮማዊ ጸሐፊ ከትንሹ ፕሊኒ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ግን ለዘመናት በእጅ ሲገለበጥ ስለኖረ ቀኑ በየቅጂው ይለያያል። በ2018 አንድ ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ የኦክቶበር 17 ቀን ተገኘ። ከሰል ቶሎ ስለሚለቅ የዚያው የ79 ጽሑፍ ነው፣ ፍንዳታውም ከኦክቶበር 17 በኋላ ነው ተባለ፤ ዓመቱ ስላልተጻፈበት ግን ክርክሩ አልተዘጋም። ሁለቱም ያስኬዳል። ኦክቶበርን ከመረጡ ግን ወይኑ ተጨምቆ በጋን ይታሸግ፣ ማታ ማታ ፍም ይጫር። ቀኑን ለውጦ የኦገስትን ሙቀት እንዳለ መተው አንባቢ ቶሎ የሚይዘው ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ የወርቅ አምባር ያጠለቀችው እናት ከነልጇ የተገኘችው እውነት ነው?

መልስ፦ እናት አይደለችም። ከ1863 ጀምሮ አስከሬን በስብሶ በአመዱ ውስጥ በተወው ባዶ ቦታ ጄሶ እየፈሰሰ የሟቾቹ ቅርጽ ይወጣ ነበር፤ ባለ አምባሩም ከነዚህ ቅርጾች አንዱ ነው። በ2024 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ባለ አምባሩ ወንድ እንደሆነ፣ ከሕፃኑም ጋር የሥጋ ዝምድና እንደሌላቸው አሳየ። «እናት» ያሰኘው አምባሩና የታቀፈው ልጅ ብቻ ነበር። በነገራችን ላይ አንዳንዶቹ ቅርጾች በእድሳት ጊዜ ተነካክተዋል፤ የእጅ አቀማመጥ አይቶ ስሜት መተርጎም አደገኛ ነው። በእኔ ግምት አዲሱ ጥያቄ ከድሮው ተረት ይበልጣል፦ የማይዛመደውን ልጅ የታቀፈው ሰው ማን ነው? ባሪያ ይሁን ጎረቤት ዲኤንኤ አይናገርም፤ የደራሲው ፈንታ ነው።

ጥያቄ፦ ፒዛ ይበሉ ነበር?

መልስ፦ በ2023 የተገኘው የግድግዳ ሥዕል የሚያሳየው ፍራፍሬ የተደረገበት ጠፍጣፋ ዳቦ ነው። ቲማቲም አውሮፓ የገባው ከ1492 በኋላ ስለሆነ የዛሬው ፒዛ አይደለም።

ጥያቄ፦ በዚያው ፍንዳታ የጠፋችውን የጎረቤት ከተማ የሄርኩላኒየምን የከሰሉ የመጽሐፍ ጥቅልሎች ገጸ ባሕርዬ ፈትቶ ቢያነባቸውስ?

መልስ፦ እጁ ላይ ይፈረካከሳሉ። ዛሬ የሚነበቡት ሳይከፈቱ በኤክስሬይ ተቃኝተው ነው። ችግሩ ቀለሙም ፓፒረሱም (ከደንገል የተሠራው የጥንት ወረቀት) ካርቦን ስለሆኑ በምስሉ ላይ አለመለየታቸው ነው፤ ኮምፒውተር የሚፈልገው ቀለሙ ፓፒረሱ ላይ የተወውን ጥቃቅን የገጽታ ልዩነት ነው። በ2023 በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተነበበው ቃል በግሪክኛ «ሐምራዊ» ነበር።