የተቆለፈ የዲፌንደር ቅንብር፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ የምመልሰው በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ስላለው ዲፌንደር፣ ማለትም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚመጣው ጸረ ቫይረስ ብቻ ነው። ጠያቂዎች ሁለት ነገር እንድታከብሩልኝ እለምናለሁ። በስክሪናችሁ ላይ የሚታየውን መልእክት ቃል በቃል ጻፉ፤ በየቴሌግራም ቻናሉ «መክፈቻ» እየተባለ የሚታደለውን የሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ፋይል ደግሞ አትንኩ።

የፎቶ ቤት ባለቤት፦ መምህር፣ የሪል ታይም ፕሮቴክሽን (ፋይሎችን በየቅጽበቱ የሚፈትሸው መከላከያ) ማብሪያ ማጥፊያ ደብዝዞ አልንቀሳቀስ ብሏል። ከላዩ «ይህ ቅንብር በአስተዳዳሪዎ ቁጥጥር ሥር ነው» የሚል ጽሑፍ ይታያል። የኮምፒውተሩ ባለቤትም አስተዳዳሪም እኔ ነኝ። ችግሩ የጀመረው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም በክራክ (ፈቃዱን ሳይገዙ በሚያስከፍት ፋይል) ከጫንኩ ወዲህ ነው።

መላሽ፦ መልእክቱን በትክክል ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ሥራውን ግማሽ አቃለሉልኝ። እዚያ ላይ «አስተዳዳሪ» የተባሉት እርስዎ አይደሉም። ዊንዶውስ ይህን የሚለው በሬጂስትሪው የፖሊሲ ክፍል ውስጥ ትእዛዝ ተጽፎ ሲያገኝ ነው፤ ትእዛዙን የጻፈው የአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ይሁን ከክራኩ ጋር ተደብቆ የገባ ቫይረስ፣ ለይቶ አይነግርዎትም። ክራኩን ሲጭኑ «አስቀድመው ጸረ ቫይረሱን ያጥፉ» ተብለው ከነበረ፣ በሩን የከፈቱለት ያን ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው በቀጥታ ሬጂስትሪውን ከፍቶ ትእዛዙን ይሰርዛል፤ ቫይረሱ ግን ውስጥ ስለተቀመጠ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ መልሶ ይጽፈዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ክራኩን ካራገፉ በኋላ በዲፌንደር ውስጥ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ዝርዝር ይመልከቱ፤ ጸረ ቫይረሱ እንዳይፈትሻቸው የተነገረው ቦታዎች እዚያ ይታያሉ። «ሲ» ድራይቭ በሙሉ ወይም እርስዎ የማያውቁት ፎልደር ካገኙ ያስወጡት፤ ይህ ሳይጸዳ የሚደረግ ስካን ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ «ኦፍላይን ስካን» ያስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ሥራ ሳይጀምር 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። እሱም ከተቆለፈብዎት በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር በፍላሽ ላይ የተዘጋጀ፣ ራሱን ችሎ የሚነሣ መፈተሻ ይጠቀሙ።

ሬጂስትሪው የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። ግልባጩን አስቀምጠው «ኤችኬ ሎካል ማሺን»፣ «ሶፍትዌር»፣ «ፖሊሲስ»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ ዲፌንደር» እያሉ ይውረዱ፤ በዚያና በሥሩ ባለው «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ዲስኤብል» ብለው የሚጀምሩትን ሰርዘው ኮምፒውተሩን ዳግም ያስነሡ። ማብሪያው ሲመለስልዎ ታምፐር ፕሮቴክሽንን ያብሩ፤ ከ2019 ጀምሮ ያለው ይህ መከላከያ ሌላ ፕሮግራም ዲፌንደርን ከጀርባዎ እንዳያጠፋው ለመከላከል የተሠራ ነው። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃልዎን ደግሞ ከሌላ መሣሪያ ላይ ሆነው ይቀይሩ፤ በክራክ ውስጥ ተደብቀው ከሚመጡት መካከል የይለፍ ቃል ሰራቂዎች ብዙ ናቸው።

አንድ አባል፦ ሰው ክራክ የሚጭነው ወዶ አይደለም። ፈቃዱ በዶላር ነው፤ በዶላር የሚከፈልበትን ካርድ ማን ሰጠን?

ሌላ አባል፦ ጂምፕ የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ነጻ ነው፤ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል።

አንድ አባል፦ ይከፍታል፤ ጽሑፉንና ኢፌክቱን ግን እንደነበረ አያቆየውም። ደንበኛ ፊት ቆመህ ይህን አስረዳ።

መላሽ፦ የፎቶሾፕና የጂምፕ ክርክር የዛሬ ርእሳችን አይደለም። ከዚህ ጋር የተያያዘውን ብቻ ልበል፦ ዊንዶውስ አክቲቬት ባይደረግም፣ ማለትም ፈቃዱ ባይረጋገጥም፣ ዲፌንደር ይሠራል፣ ዝማኔም ይደርሰዋል። ስለዚህ ለዲፌንደር ሲል አክቲቬተር (ያለ ፈቃድ አክቲቬት የሚያደርግ ፕሮግራም) የሚጭን ሰው የሚገዛው ችግር ብቻ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ፦ የመሥሪያ ቤቴ ላፕቶፕ ስለሚንቀረፈፍብኝ ጸረ ቫይረሱን ላጠፋው ብል ተቆልፏል።

መላሽ፦ መቆለፍ ያለበት ነው። የአይቲ ክፍላችሁን ይጠይቁ።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። ታምፐር ፕሮቴክሽን ራሱ ተቆልፏል፤ ፎርማት ባደርገውም ተመልሶ ይቆለፋል።

መላሽ፦ እህቴ፣ ይህ ከቫይረስ የተለየ ጉዳይ ነው። «አካውንትስ» ውስጥ ገብተሽ «አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል» የሚለውን ክፈቺ። የማታውቂው ድርጅት ስም ካለ ላፕቶፑ ከድርጅቱ ቁጥጥር አልወጣም ማለት ነው። በራስሽ ላፕቶፕ ላይ የራስሽን የትምህርት ቤት ኢሜይል አስገብተሽ የመጣ ቢሆን ኖሮ «ዲስኮኔክት» ማለት ይበቃ ነበር። ድርጅቶች ግን የላፕቶፑን የሃርድዌር መለያ አውቶፓይለት በሚባለው የማይክሮሶፍት አገልግሎት ያስመዘግባሉ፤ መዝገቡ ያለው በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ስለሆነ ዲስኩን መቶ ጊዜ ብታጸጂው ኢንተርኔት ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል። ምዝገባውን የሚሰርዘው ያስመዘገበው ድርጅት ነውና ሻጩን ያዢው፤ ወይ ያሰርዝ ወይ ገንዘብሽን ይመልስ። ሌሎቻችሁም ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ ፊት ሪሴት አስደርጉና ከዋይፋይ ጋር አገናኙት፤ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ገጽ የድርጅት ስም ይዞ ከመጣ አትክፈሉ።

ሌላ አባል፦ ዊንዶውሱ ኢንተርኔት ሳይነካው ቢጫንስ?

መላሽ፦ ሊያልፍላችሁ ይችላል፤ ምዝገባው ግን እንዳለ ነው፤ በቀጣዩ ሪሴት ይጠብቃችኋል። የሌላ ድርጅት ንብረት ሊሆን በሚችል ዕቃ ላይ ማለፊያ መንገድ አላስተምርም።

አንድ አባል፦ የእኔ ዊንዶውስ ሆም ኤዲሽን ነው። የፖሊሲ ትእዛዞችን የሚያስተካክሉበት ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር የለውም።

መላሽ፦ አያስፈልግዎትም። ለፎቶ ቤቱ ባለቤት የጻፍኩት የሬጂስትሪ መንገድ ለሆምም ይሠራል። ኤዲተሩን ወደ ሆም «ማስገቢያ ስክሪፕት» የሚሏችሁን አታውርዱ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አታውርዱ።

አዲስ ገቢ፦ የእኔም ተቆልፏል፤ እንዴት ይከፈታል?

መላሽ፦ መልእክቱን ቃል በቃል ይጻፉ ብዬ ነበር የጀመርኩት።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ። «ሌላ የጸረ ቫይረስ አቅራቢ እየተጠቀሙ ነው» ይላል።

መላሽ፦ እንግዲያውስ አልተቆለፈብዎትም። ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር ራሱ ቦታ ይለቃል። ከላፕቶፑ ጋር የመጣ የሙከራ ጸረ ቫይረስ ካለ፣ አምራቹ ለዚሁ ባዘጋጀው ማራገፊያ አውጥተው ኮምፒውተሩን ዳግም ያስነሡ።