ትልቅ ሞተር አትጠብቅ፤ በያዝከው ውጣ

ሰላም ወንድሜ። «125 ሲሲ ሞተር አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወጣ እያልኩ መንሸራሸር ያምረኛል። በዚሁ ይሆናል ወይስ ብር አጠራቅሜ ትልቅ ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። እንጦጦን፣ ሱሉልታንና ወጨጫን በትንሽ ሞተር እየዞርኩ ዓመታት አልፈዋል። መልሴ አጭር ነው፤ በያዝከው ውጣ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

የከተማችን ዙሪያ ለትንሽ ሞተር የተመቸ አገር ነው። አስፋልቱን ለቀህ ጥቂት ስትገባ መንገዱ ኮሮኮንች ይሆናል፤ ቀጥሎ የጋሪ መንገድ፣ ከዚያ ከብት የሚሄድበት ቀጭን መንገድ። 200 ኪሎ የሚመዝን ሞተር እዚያ ጭንቅ ነው። ቢወድቅ ማን ያነሳልሃል? መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝነውን ግን ብቻህን ታነሳዋለህ። ቦይ ካጋጠመህ ወርደህ እየገፋህ ታሻግረዋለህ። መንገዱ ካለቀ በቆምክበት አዙረህ ትመለሳለህ። «ይሄ መንገድ የት ያደርስ ይሆን?» ብሎ ደፍሮ መግባት የሚመጣው መመለስ እንደሚቻል ሲታወቅ ነው። ለእኔ የሽርሽሩ ጣዕም እሱ ነው።

ዝግታውንም አትናቀው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወጥተህ እንጦጦን ተሻግረህ ወደ ሱሉልታ ስትወርድ መጀመሪያ የባሕር ዛፉ ሽታ ይቀበልሃል፤ ከዚያ ሜዳው በአንዴ ይከፈታል። መስከረም ላይ አደይ አበባ ነው። ክረምቱ ጠቅልሎ ከወጣ በኋላ ሣሩ ይታጨድና ክምሩ በየማሳው ይቆማል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ያያል፤ ያሸታልም። ፈረሰኛ ስታይ ከሩቅ ጋዝ ቀንስ፤ ፈረሱ ከደነበረ ሞተሩን አጥፋና ይለፍ። «አካም ጅርቱ» ማለትንም ልመድ። የገበሬው ፊት ወዲያው ይፈታል፤ የትኛው መንገድ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ጎርፍ እንደቆረጠው፣ አካባቢው ሰላም መሆኑንም ከእሱ የተሻለ የሚነግርህ የለም።

አሁን ወደ ጉልበቱ ልምጣ፤ የብዙ ሰው ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የእንጦጦ አናት 3,200 ይጠጋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ነው። አየሩ ሲያንስ ሁለቱን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። በካርቡራተር ፋንታ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ ለክቶ የሚረጭ ኢንጀክሽን ከሆነ ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፤ የጎደለውን አየር ግን አያመጣም። መካኒክህ ካርቡራተሩን ለደጋ እንዲያስተካክልልህ አድርግ። የፊተኛውን የቼን ጥርስ በአንድ ጥርስ አሳንሰህ ብታስቀይረው ደግሞ ዳገቱ በግልጽ ይቀልልሃል። ከአስፋልት ፍጥነትህ ትንሽ ይቀነሳል፤ አያስቆጭም። ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ አትታገል፤ ሳይደክም በፊት ወደ ሁለተኛ ዝቅ በል። ፍሪሲዮን ግማሽ ይዞ መውጣት ፍሪሲዮኑን ማቃጠል ነው።

ቁልቁለት ላይ ማርሹ ይያዝህ፤ ፍሬኑን ብቻ አትመን። ሞተርህ እንደ ያማሃ ዲቲ ያለ ቱ ስትሮክ (ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል) ከሆነ በረጅም ቁልቁለት ጋዙን ጨርሰህ ዘግተህ አትውረድ። ዘይቱን የሚያገኘው ከጋዙ ጋር ነውና አልፎ አልፎ ነካ አድርግለት።

ለመጀመሪያ ጉዞ የወጨጫን ተራራ እመርጥልሃለሁ። በሆለታ መስመር ሄደህ በተራራው ጎን ወዳለው መናገሻ ሱባ ደን ትገባለህ። ደኑን ያስተከለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው ይባላል። ዕድሜ የጠገበ ጽድ፣ ጉሬዛ፣ ዕድል ከቀናህ የምኒልክ ድኩላ ታያለህ። መግቢያውን ክፈል፣ ሞተሩን አቁም፣ በእግርህ ግባ፤ ደን ውስጥ በሞተር መጮህ ነውር ነው። ሲለምድህ በጫንጮ በኩል ወደ ሙገር ገደል አፋፍ ሂድ። እዚያ መስመር ላይ ከባድ መኪና ስለሚበዛ ንጋት ላይ ተነስ፤ ከመምሸቱ በፊት ግባ።

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ከኮሮኮንቹ አትውጣ። የመረሬው ጭቃ ጎማና ፓራፋንጎ መሃል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ ያኔ ትንሹም ትልቁም ሞተር እኩል ነው።

ወረቀትህ የተሟላ ይሁን፤ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ኢንሹራንስ። ፓምፕ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ ትርፍ ካንዴላና መፍቻውን ያዝ። ጎሚስታ የሚገኘው ከተማ ውስጥ ነው።

ሰው ደርበህ፣ ጓዝ ጭነህ፣ በአስፋልት ሩቅ አገር የመሄድ ሐሳብ ካለህ ያኔ ትልቅ ግዛ፤ ለዚያ ትንሹ ይጨነቃል። ለቅዳሜና እሁድ ግን ያጠራቀምከውን ብር ለጥሩ ሄልሜት፣ ቁርጭምጭሚት ለሚሸፍን ጫማና ጥርሱ ጎላ ላለ የኋላ ጎማ አውለው። የሞተርህን ዓይነትና ዓመት ብትጽፍልኝ የትኛው ጎማ እንደሚስማማው እነግርሃለሁ።